ዊንዶውስን ከሆም ወደ ፕሮ መቀየር እንቢ ሲላችሁ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። "ኪይ ገዝቼ አስገባሁ፣ እንቢ አለኝ" የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። ላፕቶፑን ተቀብዬ ሳየው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ኪዩ (የዊንዶውስ የፈቃድ ቁጥሩ) ላይ አይደለም። ኪዩ ከመግባቱ በፊት መታየት የነበረበት ነገር ሳይታይ ቀርቶ ነው። የዚህ መመሪያ ግማሹ ዝግጅት የሆነው ለዚህ ነው። ዘላችሁ ወደ ደረጃ 5 ብትሄዱ አልከለክልም፤ ግን ተመልሳችሁ መምጣታችሁ አይቀርም።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንግባባ።

እዚህ የምናወራው ኤዲሽን ስለ መቀየር ነው፤ ከሆም ወደ ፕሮ። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሄድ ሌላ ሥራ ነው። ዊንዶውስ 10 ሆምን ወደ ፕሮ ብትቀይሩት ያው 10 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለ10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽናችሁ 11ን የሚችል ከሆነ መጀመሪያ ወደ 11 ውጡ፣ ኤዲሽኑን ከዚያ ቀይሩ።

ሌላው፣ የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን በእኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው። እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ግር በሚያሰኝበት ቦታ ፊደል በፊደል እዘረዝራለሁ።

ፕሮ ያስፈልጋችኋል ወይ? ላፕቶፓችሁን ከሌላ ቦታ በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈት ካለባችሁ፣ የመሥሪያ ቤት ዶሜይን ውስጥ መግባት ካለባችሁ፣ ቢትሎከር (ዲስክ መቆለፊያ) ወይም ሃይፐር-ቪ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስኬጃ) ከፈለጋችሁ፣ አዎ። ለወርድ፣ ለኤክሴልና ለፊልም ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

1. የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ"አር" ጋር አንድ ላይ ተጫኑ። ትንሽ ሳጥን ይከፈታል።

2. "ዊንቨር" ብላችሁ ጻፉ፤ ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር። ኢንተር በሉት። የዊንዶውሱ ቁጥርና ኤዲሽኑ ይወጣል።

3. ቀጥሎ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ግቡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ አክቲቬሽን ነው። የሚታየውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኋላ ነገር ቢበላሽ "በፊት ምን ይል ነበር?" ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

አሁን ያያችሁትን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

*ሆም* ወይም *ሆም ሲንግል ላንጉጅ* የሚል ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ሲንግል ላንጉጅ የሚለው ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እሱም ወደ ፕሮ ይሄዳል።

*ኤስ ሞድ* (ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ ፕሮግራም የማያስጭነው) የሚል ካለ መጀመሪያ ከሱ ውጡ። አክቲቬሽን ገጹ ላይ ወደ ስቶር የሚወስድ ማስፈንጠሪያ አለ። መውጫው ነፃ ነው። አንዴ ከወጣችሁ ግን መመለሻ የለም።

*ፕሮ* የሚል ከሆነ ደግሞ የምትቀይሩት ነገር የለም። አትሳቁ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙ ሰዎች ላይ ይሄ ብዙ ይደርሳል። ማሽኑ ቀድሞም ፕሮ ነው፤ የጎደለው አክቲቬሽን (ፈቃዱን በኪይ ማስነሳት) ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

*ኢንተርፕራይዝ ኢቫሉዌሽን* ወይም *ኤልቲኤስሲ* (ለድርጅት የሚወጣው ልዩ ዓይነት) ካላችሁ እዚሁ አቁሙ። ኢቫሉዌሽን ለሙከራ የተሰጠ ነው፤ የፈለጋችሁትን ኪይ ብትሰጡት ወደ ፕሮ አይዞርም። ኤልቲኤስሲም በኪይ ብቻ ተራው ፕሮ አይሆንም። ለሁለቱም መፍትሔው ፋይል አውጥቶ ፎርማት ማድረግ ነው።

ከስሙ ኋላ *ኤን* የሚል ፊደል ለብቻው ካለ፣ ኪዩም የኤን መሆን አለበት።

ይሄ ሁሉ ካደናገራችሁ ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቁት። ስታርት ላይ "ሲኤምዲ" ብላችሁ ፈልጉ፣ በቀኝ ክሊክ "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" በሉ፣ ከዚያ ይህን ጻፉ፦ ዲ-አይ-ኤስ-ኤም፣ ስፔስ፣ /ኦንላይን፣ ስፔስ፣ /ጌት-ታርጌትኤዲሽንስ። ወደ የትኞቹ ኤዲሽኖች መሄድ እንደሚችል ይዘረዝርላችኋል። "ፕሮፌሽናል" የሚለው ፕሮ ማለት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኪይ አትግዙ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ሌላ ሀገር የተጻፈ መመሪያ ላይ እንዲህ ሰፍቶ አታገኙትም። የኛው ጉድ ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ወንድም ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ሁለት ጊዜ ኪይ ገዝቷል። ሁለቱም እንቢ ብለውታል። ሻጩን ሌባ ብሎ አግዶታል። እኔ ገና ስከፍተው ዓይኔ የስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ አረፈ። ሰዓቱ 3፡20 ይላል። ቀኑ 1/15/2018።

ነገሩ ገባኝ። ጧት 3፡20 ነበር፤ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.። የማሽኑ ትንሽ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ስለጠፋበት "አስተካከልኩት" አለኝ። በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን አቆጣጠር! ወር ሲል መስከረም ስለሆነ 1 ብሏል። ለእሱ ምንም ስህተት የለውም። ለኮምፒውተሩ ግን ጥር 2018 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ያውም ሌሊት። ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው።

ይሄ ለምን ኪይ ያበላሻል? ኮምፒውተሩ የማይክሮሶፍትን ሰርቨር ሲያናግር ሰርቨሩ መታወቂያ ያሳየዋል። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለው። 2018 ላይ ተቀምጦ የ2025 መታወቂያ የሚያይ ማሽን "ይሄ ገና አልጀመረም" ብሎ በሩን ይዘጋል። ምልክቱም ቀላል ነው። ብሮውዘራችሁ የምታውቁትን ገጽ ሁሉ "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" ካለ ሰዓታችሁን እዩ። መጨረሻው 2ኤፍ8ኤፍ የሆነ የስህተት ኮድም ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

አስተካክሉት፦

1. ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ዴት ኤንድ ታይም ግቡ።

2. ታይም ዞን ላይ "ናይሮቢ" የሚለውን ምረጡ። አዲስ አበባ የሚል አትፈልጉ፤ እኛም ኬንያም ፕላስ 3 ላይ ነን።

3. ሰዓቱ በብዙ ቀን ወይም በዓመት ከሳተ መጀመሪያ በእጃችሁ አስጠጉት። ጧት 3 ሰዓት ማለት 9 ኤኤም ነው። ማታ 3 ሰዓት 9 ፒኤም ነው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ አለላችሁ።

4. ከዚያ "ሴት ታይም ኦቶማቲካሊ" የሚለውን አብሩና "ሲንክ ናው" በሉት። በጣም የራቀ ሰዓት በሲንክ ብቻ ላይስተካከል ስለሚችል ነው በእጅ ቀድመን ያስጠጋነው።

ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ቀኑ ተመልሶ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለዋ ናት፤ ሽፋኑን ከፍቶ መቀየር ነው። ላፕቶፕ ላይ ቦታዋ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ካልለመዳችሁ አትክፈቱት።

የዘጌው ወንድም? ሰዓቱን አስተካክለን የመጀመሪያውን ኪይ መልሰን ሞከርነው። ገባ። ሁለተኛው ትርፍ ሆነ። ሻጩን ይቅርታ ይጠይቀው አይጠይቀው አላውቅም።

ደረጃ 3፦ ከመንካታችሁ በፊት

ፋይል። ኤዲሽን መቀየር ፋይል አያጠፋም፤ ፕሮግራሞቻችሁም ባሉበት ይቆያሉ። ቢሆንም መመረቂያ ጽሑፋችሁን ፍላሽ ላይ ሳታደርጉ አትጀምሩ። ይሄን የምለው ኤዲሽን መቀየሩ ስለሚያስፈራኝ አይደለም። ካልተሳካ በኋላ ሰዎች በንዴት የሚነካኩት ነገር ነው የሚያስፈራኝ።

ሪከቨሪ ኪይ። አዳዲስ ላፕቶፖች ሆም ቢሆኑም ዲስካቸው በራሱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግስ ላይ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" ብላችሁ ፈልጉ። በርቶ ከሆነ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪይ አውጡ። ወረቀት ላይ ጻፉት ወይም ስልክ ላይ ያዙት። እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሴቭ ማድረግ የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

መብራት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አትጀምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ከጣና በኩል ሲጠቁር እኔ ራሴ የጀመርኩትን አቆማለሁ።

ኢንተርኔት። የስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ከሆም ወደ ፕሮ መሄድ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ፋይሎቹ በአብዛኛው ማሽኑ ውስጥ ናቸው። ቪፒኤን ካላችሁ አጥፉት። የመሥሪያ ቤት ወይም የግቢ ዋይፋይ አንዳንድ በር ስለሚዘጋ፣ እንቢ ካለ በስልካችሁ ዳታ ሞክሩ።

የተዘጋ አፕዴት። ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ፣ ወይም ጓደኛ አጥፍቶላችሁ፣ የዊንዶውስ አፕዴት አገልግሎት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እሱ ተዘግቶ ኤዲሽን ለመቀየር የሚታገል ስንት ሰው አይቻለሁ። ስታርት ላይ "ሰርቪስስ" ብላችሁ ክፈቱ። "ዊንዶውስ አፕዴት"ን ፈልጉ። ስታርትአፕ ታይፕ የሚለው "ዲሴብልድ" ከሆነ ወደ "ማኑዋል" ቀይሩና "ስታርት" በሉት። "ዊንዶውስ ላይሰንስ ማኔጀር ሰርቪስ" የሚለውንም እንዲሁ አድርጉ። ሲያልቅ አፕዴቱን መልሳችሁ መዝጋት የናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ አልመክርም።

ክራክ። ማሽኑ በክራክ (ያለ ሕጋዊ ኪይ በሚያስነሳ ፕሮግራም) አክቲቬት የተደረገ ከሆነ ሕጋዊ ኪይ ብታስገቡም ሊያስቸግር ይችላል። ክራኩ ዊንዶውስን "ፈቃድህን ከእኔ ጠይቅ" ብሎ ወደ ራሱ አዙሮታል። ፕሮግራሙን አጥፉ። ከዚያ በአድሚኒስትሬተር በተከፈተው ሲኤምዲ ላይ ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ስፔስ፣ /ሲ-ኬ-ኤም-ኤስ ብላችሁ ጻፉ። ይሄ የዞረውን አድራሻ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ክራክ ግን ተደብቆ ራሱን መልሶ ይጭናል። እንደዚያ ዓይነቱን ሳገኝ አልከራከረውም፣ ፎርማት ነው የማደርገው።

ሪስታርት። በመጨረሻ ሪስታርት በሉት። ሻት ዳውን አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ከበራ ሻት ዳውን ያደረጋችሁት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አሸልቦ ነው የሚቆየው። ሪስታርት ግን ከዜሮ ያስነሳዋል።

ደረጃ 4፦ ኪዩን መርምሩት

ኪይ 25 ፊደልና ቁጥር ነው፤ አምስት አምስት ሆኖ በአምስት ቡድን ይጻፋል።

አሁን አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። የዊንዶውስ ኪይ ውስጥ የማይገቡ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። ከቁጥር 0፣ 1 እና 5 የሉም። ከፊደል አናባቢዎቹ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ የሉም። ኤል፣ ኤስ እና ዜድም የሉም። ስለዚህ "ይሄ ዜሮ ነው ወይስ ኦ?" ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም አይደለም። ምናልባት ኪው ወይም ዲ ነው። ዜድ የመሰላችሁ 2 ነው። ዓይን የሚያታልሉት 8 እና ቢ፣ 6 እና ጂ፣ ቪ እና ዋይ ናቸው። በእጅ ተጽፎ በፎቶ የተላከ ኪይ ከሆነ ደግሞ ኤምና ኤንን ደግማችሁ እዩ።

ላኪው ኮፒ የሚደረግ ጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ፔስት ስታደርጉ ፊት ወይም ኋላ ባዶ ቦታ እንዳይከተል።

የኪዩ ዓይነትም ወሳኝ ነው።

*ሪቴል* የሚባለው ለግለሰብ የሚሸጥ ነው። ከአሮጌ ማሽን አውጥታችሁ ወደ አዲስ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

*ኦኢኤም* የሚባለው መጀመሪያ ከገባበት ማሽን ጋር ይቀበራል። ከተበላሸ ላፕቶፕ ጀርባ ገልጣችሁ ያገኛችሁት ተለጣፊ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። የዊንዶውስ 7 ወይም 8 ተለጣፊ ከሆነማ እርሱት። በፊት ይሠራ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ይህን መንገድ እንደ ፈረንጆቹ መስከረም 2023 ዘግቶታል።

*ቮልዩም* የሚባለው ለድርጅት የሚሰጥ ነው። አንዱ ኪይ ለብዙ ማሽን ይሠራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ያቆማል። ቴሌግራም ላይ በሁለት ማኪያቶ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተቆነጠረ ነው። ዛሬ ይገባል፤ ነገ ይታገዳል። ሻጩም ስልክ አያነሳም።

እና የሆም ኪይ ይዛችሁ ፕሮ አትጠብቁ። ቀላል ይመስላል፤ ግን "ዊንዶውስ 11 ኪይ" ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። ከመክፈላችሁ በፊት "የፕሮ ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ደረጃ 5፦ ቀይሩት

1. የተከፈተውን ሁሉ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ።

2. ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ግቡ። "አፕግሬድ ዩር ኤዲሽን ኦፍ ዊንዶውስ" የሚለውን ዘርጉት። "ቼንጅ ፕሮዳክት ኪይ" ከሚለው ጎን "ቼንጅ" በሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ "ቼንጅ ፕሮዳክት ኪይ" የሚለው እዚያው ገጹ ላይ አለ።

3. ኪዩን አስገቡ። ሰረዞቹን ራሱ ያስገባቸዋል።

4. "ኔክስት"፣ ከዚያ "ስታርት" በሉ።

5. አሁን እጃችሁን አንሱ። ፐርሰንት ይቆጥራል፣ መሃል ላይ የቆመ ይመስላል፣ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ላይ የቡና ሁለተኛ ሳይደርስ ያልቃል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሦስተኛውንም ልትጠጡ ትችላላችሁ። ፓወሩን ተጭናችሁ አታጥፉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ፐርሰንቱ ንቅንቅ ካላለና የዲስኩ መብራትም ብልጭ ካላለ፣ ያኔ አንዴ ሪስታርት አድርጉት። ሲነሳ ዊንቨርን እዩ። ቆመ ያላችሁት ማሽን ፕሮ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

*"ቼንጅ" የሚለውን ስትነኩት ዝም ካለ፦* የዊንዶውስ ምልክቱንና "አር"ን ተጫኑ፤ ኤስ-ኤል-ዩ-አይ፣ ስፔስ፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። ያው የኪይ ሳጥን በሌላ በር ይከፈታል።

*በስቶር የምትገዙ ከሆነ፦* ዶላር የሚከፍል ካርድ ያላችሁ እዚያው ገጽ ላይ "ኦፕን ስቶር" በሉ። በዚህ መንገድ ኪይ አይሰጣችሁም፤ ፈቃዱ ከአካውንታችሁና ከማሽኑ ጋር ይያያዛል። ስቶሩ ባዶ ገጽ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደረጃ 2ን እና የአፕዴት አገልግሎቱን እንደገና እዩ። ዘጠና በመቶ እሱ ነው ብዬ ባልምልም፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።

ደረጃ 6፦ ኮድ ሲያወጣ

ኮዱን ሙሉውን ፎቶ አንሱት። እዚህ የመጨረሻዎቹን አራት ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ለመለየት ይበቃሉ።

ኤፍ050። ኪዩ ለዚህ አይሆንም እያለ ነው። ወይ ተሳስታችሁ ጽፋችኋል፣ ወይ ኪዩ የሌላ ኤዲሽን ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

ሲ003። ኪዩን ሰርቨሩ አግዶታል። ደጋግማችሁ ብታስገቡት ለውጥ የለውም። ወደ ሻጩ።

ሲ008። ኪዩ ከተፈቀደለት በላይ ማሽን ላይ ገብቷል። ሪቴል ከሆነና የቀድሞ ማሽናችሁ ላይ የነበረ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ላይ አውጡት። በአድሚኒስትሬተር ሲኤምዲ፦ ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ስፔስ፣ /ዩ-ፒ-ኬ። ከዚያ አዲሱ ላይ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ሌላ የማስነሻ አማራጭ አለ፤ ኤስ-ኤል-ዩ-አይ፣ ስፔስ፣ 4።

ኤፍ211። ማዘርቦርድ አስቀይራችኋል። ዊንዶውስ ማሽኑን አላወቀውም። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ግቡ፣ አክቲቬሽን ገጽ ላይ "ትራብልሹት" በሉ፣ "በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ" የሚለውን ምረጡ። ፈቃዱ ከአካውንቱ ጋር ታስሮ ከነበረ የድሮው ማሽን ዝርዝር ውስጥ ይመጣላችኋል። ሳይታሰር ቀርቶ ከነበረ ይሄ መንገድ አይሠራም።

ኤፍ074። ማሽኑ የድርጅት ሰርቨር እየፈለገ ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ለአይቲ ስጡት። የግላችሁ ከሆነ ወይ ክራክ ነበረበት፣ ወይ የቮልዩም ዊንዶውስ ነው የተጫነላችሁ። ደረጃ 3 ላይ ያለውን የክራክ ማጽጃ ሠርታችሁ የራሳችሁን ኪይ አስገቡ።

ኤፍ034። ለዚህ ማሽን የተመዘገበ ፈቃድ አላገኘም፣ ወይም ኪዩ የሌላ የዊንዶውስ ዓይነት ነው፣ ወይም ሰርቨሩ ተጨናንቋል። ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ አንዴ ሞክሩ። ከደገመ ኪዩን ተጠራጠሩ።

ኤ067። ይሄኛው ራሱን የቻለ ደረጃ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 7፦ ኤ067 ሲመጣ፣ ወይም ኪዩ ልክ ሆኖ ኤዲሽኑ እንቢ ሲል

እዚህ ሁለቱን ሥራ እንለያቸዋለን። መጀመሪያ ኤዲሽኑን እንቀይራለን፣ ከዚያ አክቲቬት እናደርጋለን። ለመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው የፕሮ መደበኛ ኪይ አለ። ይሄ ኪይ ሆምን ፕሮ ያደርጋል እንጂ አክቲቬት አያደርግም። ነፃ ፕሮ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትጨፍሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ፕሮ ከሆነ ወደ ሆም የሚመልስ ቀጥተኛ መንገድ የለም፤ ፎርማት ነው። የምትተማመኑበት የፕሮ ኪይ በእጃችሁ ከሌለ ይህን ደረጃ አትንኩ።

1. ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኬብል ካለ ንቀሉ። ኢንተርኔት ጨርሶ መኖር የለበትም። የዚህ ደረጃ ምስጢሩ እዚህ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

2. የኪይ ሳጥኑን ክፈቱ፤ ኤስ-ኤል-ዩ-አይ፣ ስፔስ፣ 3።

3. ይህን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቡ፣ በስልክ እንደማነብላችሁ ቁጠሩት፦
ቪ፣ ኬ፣ 7፣ ጄ፣ ጂ —
ኤን፣ ፒ፣ ኤች፣ ቲ፣ ኤም —
ሲ፣ 9፣ 7፣ ጄ፣ ኤም —
9፣ ኤም፣ ፒ፣ ጂ፣ ቲ —
3፣ ቪ፣ 6፣ 6፣ ቲ።

4. ሲያልቅ "አክቲቬት አልሆነም" የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። የሚጠበቅ ነው። ሪስታርት አድርጉ።

5. ዊንቨርን እዩ። ፕሮ ሆኗል? አሁን ኢንተርኔቱን መልሱ።

6. አክቲቬሽን ገጽ ላይ የራሳችሁን ኪይ አስገቡ።

ይሄው ዘዴ ለሌላም ይጠቅማል። ፕሮ የነበረን ላፕቶፕ ፎርማት አስደርጋችሁ ሆም ሆኖ ይመጣና "ኪዬን በላው" ትላላችሁ። አልበላውም። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሆም ኪይ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ተቀምጧል፤ ዊንዶውስ ሲጫን እሱን አንብቦ ሳይጠይቃችሁ ሆምን ይጭናል። የፕሮ ፈቃዳችሁ ማሽኑ ላይ ቀድሞ ከተመዘገበ ከላይ ያለውን እስከ ተራ ቁጥር 5 ሥሩ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ዊንዶውሱ ራሱ ሲታመም

ሰዓቱ ልክ፣ ኪዩ ልክ፣ አገልግሎቶቹ በርተው፣ ደረጃ 7ም እንቢ ካለ የሲስተም ፋይል ተበላሽቷል ማለት ነው። በአድሚኒስትሬተር ሲኤምዲ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ዲ-አይ-ኤስ-ኤም፣ ስፔስ፣ /ኦንላይን፣ ስፔስ፣ /ክሊንአፕ-ኢሜጅ፣ ስፔስ፣ /ሪስቶርሄልዝ። ይሄ ዳታ ሊፈልግ ይችላል። 62 ላይ ቆሞ ከቆየ አትደናገጡ፤ ልማዱ ነው።

2. ኤስ-ኤፍ-ሲ፣ ስፔስ፣ /ስካንናው።

3. ሪስታርት፣ ከዚያ ደረጃ 5።

ይሄም ካልሠራ የቀረው ዊንዶውስን በላዩ ላይ መጫን ነው። የአይኤስኦ ፋይሉን (ሙሉውን የዊንዶውስ መጫኛ) ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱ። ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ሲ ድራይቭ ላይም 20 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ "ሴትአፕ"ን ክፈቱ። "ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ" የሚለው መመረጡን ሳታዩ "ኢንስቶል" እንዳትሉ። ያ ምርጫ ደብዝዞ እንቢ ካለ ብዙ ጊዜ ያወረዳችሁት ቋንቋ ከተጫነው ጋር አይገጥምም፤ አንዱ ዩኤስ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ኢንተርናሽናል እንግሊዝኛ ሆኖ። ትክክለኛውን አውርዱ። ሲያልቅ ደረጃ 5ን ድገሙ።

ከገባ በኋላ

1. ዊንቨር ላይ ፕሮ፣ አክቲቬሽን ላይ "አክቲቭ" ማለቱን እዩ። አንዱ ብቻ አይበቃም።

2. በማይክሮሶፍት አካውንት ግቡ። አክቲቬሽን ገጹ "ዲጂታል ላይሰንስ ሊንክድ ቱ ዩር ማይክሮሶፍት አካውንት" ሲል ፈቃዱ ታስሯል። ነገ ማዘርቦርድ ቢቃጠል ኤፍ211 ላይ የሚያድናችሁ ይሄ ነው።

3. ኪዩን ከገዛችሁበት መልእክት ጋር ስክሪንሹት አድርጋችሁ ከላፕቶፑ ውጪ አስቀምጡ።

4. ቢትሎከር አሁን ይከፈትላችኋል። ለማብራት አትቸኩሉ። ሲያበሩት ሪከቨሪ ኪዩን የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃችኋል፤ ያኔ ፍላሽ ሰክታችሁ እዚያ አስቀምጡ፣ በወረቀትም ፕሪንት አድርጉት። ያለዚያ ወረቀት የሚመጣን የተቆለፈ ዲስክ እኔም፣ ማንም አይከፍትላችሁም።